ሁለተኛው ውሃ

አባ ዘርእዝጊ ጣታቸውን በጥምቀት መዝገቡ ላይ ከላይ ወደ ታች እያስኬዱ ቆዩና አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸውን ግን አላነሡም። ከጠረጴዛው ማዶ ጎን ለጎን የተቀመጡት ተስፋኣለምና ጥሩወርቅ ለምን እንደ ቆሙ ሳያውቁ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«የሕፃኗ የክርስትና አባት ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ ካህኑ።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«አንተው ራስህ?»

«እኔው ራሴ። ምነው?»

አባ ዘርእዝጊ መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡ ላይ አስቀመጡ። «ምነው ትለኛለህ እንዴ? አበልጅ ናችኋ! እኔ ናይሮቢ ከመጣሁ ገና ሦስት ዓመቴ ነው፤ ይህን ጥምቀት የፈጸሙት ከእኔ በፊት የነበሩት አባት ናቸው። አንተ ግን ያኔም ነበርክ፣ ዛሬም አለህ። ‹ጋብቻችንን ያስነግሩልን› ብለህ ስትመጣ ይህን አላሰብከውም?»

«አስቤዋለሁ» አለ ተስፋኣለም፤ ድምፁ ለራሱም ደካማ ሆኖ ተሰማው። «አስቤ ጠይቄያለሁ። በሰፈራችን ቁምስና ያሉት ኬንያዊው ቄስ ይህ ክልከላ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል አሉኝ።»

«ለእነሱ ቀርቷል። እነሱ የላቲን ሥርዓት ልጆች ናቸው። አንተና እሷ የግዕዝ ሥርዓት ልጆች ናችሁ፤ ለእኛ ለምሥራቃውያኑ ሕጉ እንዳለ ነው። እሁድ እሁድ ቅርብህ ያለውን ቅዳሴ ስለ ሰማህ ሥርዓትህ አይለወጥም። ሥርዓት እንደ ማታቱ ታክሲ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው የሚዘለልበት አይደለም፣ ልጄ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም ይስቁ ነበር። ያን ቀን አንዳቸውም አልሳቁም።

ጥሩወርቅ የእምድብር ልጅ ናት። ሟቹ ባሏ ታመነ የተስፋኣለም ሾፌር ነበር። ተስፋኣለም የውሃ መሐንዲስ ሆኖ በሚያገለግልበት ዓለም አቀፍ ድርጅት መኪና፣ ታመነ በማርሳቢት መንገድ ተገልብጦ ሲሞት እሷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጅቷ ያለ ጊዜዋ ተወለደችና ትንሣኤ ተባለች፤ በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ በክንዱ የያዛት ተስፋኣለም ነበር። ያን ያደረገው ለሟቹ ባለበት ግዴታ እንጂ በሌላ ሐሳብ አልነበረም። ነገር ግን ግዴታ በየሳምንቱ የሰው ደጅ ያስረግጣል፤ የሰው ደጅ አዘውትሮ የሚረግጥ ደግሞ ልቡን እቤቱ አስቀምጦ አይመጣም። አምስት ዓመት ሲሞላ፣ ጥሩወርቅ ኪሌሌሽዋ ውስጥ በምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ መኪናውን የሚያቆመው ሰው የሚመጣው ለልጅቷ ብቻ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ነገሩን በአፉ አውጥቶ የተናገረ ዕለት እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ «አበልጅነታችንስ?» እሱም «ጠይቄያለሁ፤ የሚከለክለን የለም» አላት። በዚያ ቃል ተማምና ነበር እሺ ያለችው።

«ተስፋ አትቁረጡ» አሉ አባ ዘርእዝጊ ፊታቸውን ለዘብ አድርገው። «ጳጳሱ ይህን ለመፍታት ሥልጣን አላቸው። ምክንያታችሁን አስረድቼ እጽፋለሁ። ፈቃድ ሊሰጡ ይችላሉ።»

ጥሩወርቅ ያን ጊዜ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባ። ጳጳሱ ሕጉን ይፈቱልን ይሆናል። ይህ ሰው ልጄን ታቅፎ ስለ እሷ ቃል ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ማን ይፈታልኛል?»

«ጥሩ፣ እባክሽ…»

«ጠይቄያለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«አልዋሸሁሽም!»

«አውቃለሁ። ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እቆጣህ ነበር።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችው። በአምስት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ እንዲህ ያለ አስተያየት ግን አይቶባት አያውቅም። ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ሰው የወዳጁን ሬሳ ከመሸፈኑ በፊት የሚያይበት አስተያየት ነበር፤ ተስፋኣለምም የተሸፈነው እሱ ራሱ መሆኑን አወቀ።

❖

ከዚያ በኋላ ለስድስት ቀን ስልኳን አላነሣችም። ስፌት ቤቱ ሲሄድ ጓደኞቿ «የለችም» ይሉታል፤ የእሷ የስፌት መኪና ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሲሰፋ ይሰማል። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሩንዳ ከሚገኘው ቤታቸው በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ አንድ ፖስታ አቀበለው። ከላዩ ላይ የታወቀው የጥሩወርቅ ጽሕፈት ነበር።

እናቱ ወይዘሮ ኣባዲት ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ርቀው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሁለት ሳምንታቸው ነውና ብርሃንም ንባብም ተከልክለዋል። በአስመራም በአዲስ አበባም አርባ ዓመት በአዋላጅነት አገልግለው የጡረታ ዘመናቸውን በልጃቸው ቤት የሚያሳልፉ፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ፣ ቃላቸውም ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ጥሩወርቅን በመበለትነቷ ወራት እንደ ልጃቸው ደግፈዋታል፤ ልጃቸው ሊያገባት መሆኑን የሰሙ ዕለት ግን ደጃቸውን ዘጉባት። ደግነታቸው ለችግረኛ ነበር፤ ለምራት አልነበረም።

«የወረቀት ድምፅ ሰማሁ» አሉ። «ከእሷ ነው?»

«ከእሷ ነው፣ አደይ።»

«አንብበዋ። ከእኔ የሚሰወር ምን አለህ?»

ለብቻው ሊያነብ ነበር፤ ነገር ግን ምሬት አሸነፈው። «ስሚው እንግዲያ! የምትፈልጊውን አግኝተሻል፤ ጆሮሽም ይስማው» ብሎ ቆሞ ማንበብ ጀመረ።

«ለአበልጄ ለተስፋኣለም፤

«በዚህ ስም የጠራሁህ ልወጋህ ብዬ አይደለም። እውነተኛ ስምህ ይኸው ስለሆነ ነው። ትንሣኤን ይዘህ ወደ ምዕራብ ዞረህ ሰይጣንን ስትክድላት፣ ወደ ምሥራቅም ዞረህ ስለ እሷ ‹አምናለሁ› ስትል እኔ ከኋላህ ቆሜ ነበር። አባቷን ያላየች ልጅ በዚያች ደቂቃ አባት አገኘች። ያን አባት ባሌ ላድርገው ብል የልጄን ነጥቄ ለራሴ የወሰድኩ ይመስለኛል። በእኛ አገር አበልጅ ከሥጋ ወንድም ይበልጣል፤ ወንድምን እናት ትሰጣለች፣ አበልጅን ግን ሰው በእግዚአብሔር ፊት ይመርጣል። የጳጳሱ ወረቀት ቢመጣ እንኳ ማታ ማታ ፊትህን ባየሁ ቁጥር ያን ቀን የለበስከው ነጭ ልብስ ይታየኛል። ይህን ለአንተም ለእኔም አልመኝም።

«እወድሃለሁ። ይህን መካድ ሌላ ኃጢአት ስለሚሆን ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን አልደግመውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው አውቶቡስ ወደ ሞያሌ እሄዳለሁ። ጦይባ የምትባለዋ ነጋዴ ወዳጄ የስፌት ሥራ አዘጋጅታልኛለች። ትንሣኤ በየሳምንቱ በስልክ ታነጋግርሃለች፤ ይህን አልነሣትም።

«እናትህን በእኔ ስም እግራቸውን ሳምልኝ። ልጄን ከሞት አፍ የመነጨቁልኝ እነዚያ እጆች ናቸው። አሁን ባይወዱኝም እኔ እንደምወዳቸው ንገርልኝ። ቢያስከፋም ባያስከፋም እውነቱን የሚናገሩ ሰው ናቸውና፣ ልክ አድርጋለች ወይስ ተሳስታለች ብለህ ጠይቃቸው። የእሳቸውን ፍርድ እቀበላለሁ።

«ጥሩወርቅ።»

ተስፋኣለም ወረቀቱን አጠፈ። «በይ ፍረጂ» አላቸው። «ፈራጅ ተደርገሻል። ልክ አድርጋለች?»

የወይዘሮ ኣባዲት መቁጠሪያ ከጣቶቻቸው መካከል ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ፤ ለማንሣትም አልሞከሩም።

«አደይ? ዓይንሽን አመመሽ እንዴ?»

«የመጨረሻውን ደግመህ አንብብልኝ።»

«የትኛውን?»

«እውነቱን የሚናገሩ ሰው ናቸው ያለችውን።»

ደግሞ አነበበ። አሮጊቷ ጥቁሩን መነጽር እንዳደረጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተስፋኣለም እናቱ ሲያለቅሱ አይቶ ስለማያውቅ ትከሻቸው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት።

❖

«ትንሣኤ የት እንደ ተወለደች ታውቃለህ» አሉ በመጨረሻ።

«በታክሲ ውስጥ። ሆስፒታል ሳትደርሱ።»

«ዌስትላንድስ አደባባይ ላይ። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት፣ መኪናው እንደ ድንጋይ ተደርድሮ። ምጡ ያለ ጊዜው ነበር። ልጅቷ ስትወጣ እናቷ ራሷን ስታ ነበር፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሌላውን ግን ከእኔና ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ልጅቷ ሰማያዊ ነበረች፣ ወደይ፣ ልጄ። እንደ እርጥብ ጨርቅ እጄ ላይ ተዘረጋች። አልተነፈሰችም። አርባ ዓመት ሕፃን የተቀበለ ሰው የሚሞተውን ያውቃል። ነፋሁላት፣ ጀርባዋን አሸሁ፣ ምንም የለም። ያን ጊዜ ሾፌሩን ውሃ አልኩት፤ የሚጠጣውን ሰጠኝ። አጠመቅኋት።»

«አጠመቅሻት?»

«በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሕፃን ማንም ሰው ማጥመቅ ይችላል። ካህን ባይኖር አዋላጅ፣ አዋላጅ ባትኖር መንገደኛ። ይህን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

«ጥምቀት ሁለት ጊዜ እንደማይደገምም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ!» ድምፁ ቤቱን ሞላው። «በሰማንያው ቀን ቄሱ ውሃ ሲያፈሱባት አጠገባቸው ቆመሽ ነበር! ሻማውን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ!»

«ነበርኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ቄሱ ውሃውን ያስቀሩታል። ጸሎቱን ደግመው ሜሮን ብቻ ቀብተው ይመልሷታል። ሰዉ ደግሞ ይህን አይረዳም። ‹አባት የሌላት የሾፌር ልጅ ስለሆነች ግማሽ ክርስትና ሰጧት› ይላል። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ጥሩወርቅ የሐዘን ልብሷን አውልቃ በሌላ ሰው ነጭ ቀሚስ መጥታለች። ሙሉ ይሁንላት አልኩ። ቢደገም ምን ይጎዳል አልኩ። የሚጎዳውን እያወቅሁ አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልቆረብኩም፤ የሆድ ሕመም ነው ስላችሁ አመናችሁኝ።»

«ይህ ያኔ ነው። ያለፈው ሳምንትስ? አባ ዘርእዝጊ የከለከሉን ዕለት መጥቼ እዚሁ ምንጣፍ ላይ ሳለቅስ?»

ወይዘሮ ኣባዲት መነጽራቸውን አወለቁ። የቀላውና ያበጠው ዓይናቸው ብርሃኑን መቋቋም አቅቶት እንባ ቢያፈስም ፊታቸውን አላዞሩም።

«ያለፈው ሳምንት ዝምታዬ ለልጅቷ አልነበረም። እሱ ሌላ ነው። የሾፌራችንን ሚስት ምራቴ ላለማድረግ ነው። እግዚአብሔር መንገድ የዘጋልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት።»

የመጀመሪያው ዝምታ የተሳሳተ ርኅራኄ ነበር፤ ሁለተኛው ትዕቢት ነበር። ሰው በመጀመሪያው ስሕተቱ ንስሐ ሳይገባ ሲቀር፣ ስሕተቱ ለሌላ ክፋት መሣሪያ ሆኖ የሚያገለግልበት ቀን ይመጣል። ይህን ከእናትየው ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም።

«እንግዲያ እኔ…» አለ ተስፋኣለም፤ መጨረስ አልቻለም።

«አንተ የማንም የክርስትና አባት አይደለህም፣ ወደይ። ያቀፍካት ሕፃን ከተጠመቀች ሰማንያ ቀኗ ነበር።»

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ የጸለየው እንዲህ ያለ ነገር እንዲመጣ ነበርና። የተሰማው ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ «ክርስትና አባባ» ብሎ የጠራው ድምፅ በአንዴ ከእጁ ሲወሰድ፣ የተፈታውም የተዘረፈውም አንድ ሰው መሆኑ ግራ አጋባው። እናቱን ሳይስም ከሳሎኑ ወጣ።

❖

ቅዳሜ ጠዋት ጥሩወርቅ ወደ አባ ዘርእዝጊ ቢሮ የገባችው ሻንጣዋን ይዛ ነው። ካህኑ «ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ ትፈለጊያለሽ» ብለው ስለጠሯት እንጂ ተስፋኣለምና እናቱ እንደሚኖሩ ቢነግሯት አትመጣም ነበር። ትንሣኤ ውጭ ከመዘምራኑ ልጆች ጋር በስዋሂሊ እየተሟገተች ትጫወታለች፤ ሳቋ በመስኮቱ ይገባል።

አባ ዘርእዝጊ ነገሩን በአጭሩ አስረዷት። ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም፤ ሲጨርሱ ግን ወደ ወይዘሮ ኣባዲት ዞረች።

«እማማ፣ ልጅዎ ሲያለቅስ ማየት ከብዶዎት ነው አይደል? ይገባኛል። እናት ለልጇ ብዙ ነገር ትላለች።»

«ዋሸሁ ማለትሽ ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«አልኩ እንዴ? ሰው ሲጨንቀው የሆነውንም ያልሆነውንም ያስታውሳል አልኩ እንጂ።»

«እኔ አልጨነቀኝም። የጨነቀኝ አምስት ዓመት ዝም ስል ነው።»

«ይብቃ» አሉ አባ ዘርእዝጊ። ወንጌሉን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፉት። «ይህ የቤት ክርክር አይደለም። አንድ የማይነቀፍ ምስክር ለጥምቀት ይበቃል፤ ነገር ግን ተመርምሮ ነው። ወይዘሮ ኣባዲት፣ እጅዎን እዚህ ላይ ያድርጉ። ከተጠራጠርኩ ነገሩን ለሚበልጡኝ አስተላልፋለሁ እንጂ አልቀበልም። ውሃው ምን ውሃ ነበር?»

«የሚጠጣ ውሃ። የታሸገ። ሾፌሩ ግማሹን ጠጥቶታል።»

«ለስላሳ ወይም ሌላ ነገር አልተቀላቀለበትም?»

«አባ፣ እኔ አዋላጅ ነኝ! ውሃን ከለስላሳ እለያለሁ።»

«ይመልሱልኝ።»

«ንጹሕ ውሃ ነበር።»

«የት ላይ አፈሰሱት?»

«ግንባሯ ላይ። ጸጉር ይዞ እንዳያስቀረው በአውራ ጣቴ ወደ ኋላ ገፍቼ። ሦስት ጊዜ።»

«ፈሰሰ ወይስ አረጠበ ብቻ?»

«ፈሰሰ። ከጭንቅላቷ ወርዶ ቀሚሴ ላይ።»

«ቃሉስ?»

ወይዘሮ ኣባዲት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አጠምቀኪ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ።»

«ውሃው እየፈሰሰ ነው ያሉት ወይስ ከፈሰሰ በኋላ?»

«አብሮ። በእያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ።»

«ምን ለማድረግ አስበው?»

«ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር? የምትሄድ መስሎኝ ነበር። በር ልከፍትላት ነው።»

ካህኑ ብዕራቸውን አነሡ። «ምን ብለው ሰየሟት?»

እስከዚያ ድረስ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ሲመልሱ የነበሩት ሴት በዚህ ጥያቄ ላይ ቆሙ።

«ስሙ ለጥምቀቱ መጽናት ግድ አይደለም» አሉ ካህኑ። «ቢሆንም ይመልሱልኝ፤ መዝገብ ነው።»

«ሚለን።»

ተስፋኣለም ከተቀመጠበት ተነሣ። ጥሩወርቅ አንዴ እሱን አንዴ እናቱን አየች።

«ሚለን ማን ናት?» ስትል ጠየቀች።

«እህቴ» አለ ተስፋኣለም ቀስ ብሎ። «ከእኔ በፊት የተወለደች። ስሟ በቤታችን አይጠራም።»

«የእኔዋ ሚለን» አሉ ወይዘሮ ኣባዲት፤ ወንጌሉን እንደ ያዙ፣ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው እንደሚናገሩ ሆነው። «ያን ጊዜ አንድ መቶ ያህል የሰው ልጆች ተቀብዬ ነበር። በመጨረሻ የራሴ ተራ ሲደርስ አደንዝዘው አስተኙኝ። ስነቃ ሸፍነዋታል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ተንፍሳ ነበር አሉኝ። በክፍሉ ውስጥ አራት ሰው ነበር፣ ቧንቧም ነበር። አንዳቸው አንዲት ጠብታ አላደረጉላትም። እኔ ለሰው ልጆች ሁሉ ነበርኩ፤ ለእኔዋ ግን ማንም አልነበረም። ታክሲው ውስጥ ስም ስፈልግ… ሌላ ስም አፌ ላይ አልመጣም። የሰው ልጅ በሟች ልጄ ስም አጠመቅሁ። ልጅቷ ነፍስ ዘርታ ስትነቃ አፈርኩ። ሰማንያው ቀን ሲመጣ አንቺ ‹ወለተ ማርያም ትባልልኝ› ስትይ፣ እኔ ምን ብዬ ልናገር? ልጅሽን ለሙታኔ ወሰድኩብሽ ልበል?»

ውጭ መዘምራኑ አንዱን ስንኝ እየደጋገሙ ይለማመዱ ነበር።

«ውሃ ያልነካትን ልጅዎን» አሉ አባ ዘርእዝጊ፣ ድምፃቸው የመርማሪ መሆኑ ቀርቶ፣ «ቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ ትሰጣለች። እሱ ቧንቧ በነበረበት ክፍል ከነበሩት ከአራቱ ይሻላል። አሁን የመጨረሻውን ይመልሱልኝ። ይህ ጋብቻ እንዲፈጸም ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም ነበር።»

«ዛሬስ?»

«እጄ ወንጌል ላይ ነው፣ አባ። ዛሬም ልቤ ሙሉ አይደለም።»

«እንግዲያ ምስክርነቱን የሚያጸናው ይህ አለመፈለግዎ ነው» ብለው ካህኑ ጻፉ። «ጥምቀቱ የተፈጸመው በታክሲው ውስጥ ነው። ማኅተሙ የማይፋቅ ነውና ሁለተኛው ውሃ ውሃ ብቻ ነበር፤ ጥምቀት ካልሆነ ነገር ደግሞ መንፈሳዊ ዝምድና አይወለድም። አበልጅ አይደላችሁም፤ ሆናችሁም አታውቁም። ለጳጳሱ በጽሑፍ አሳውቃለሁ፤ እሳቸው እስኪያጸኑት ድረስ ማንም ሠርግ እንዳያስብ። እርስዎም፣ ወይዘሮ ኣባዲት፣ በሚመጣው እሁድ ሳይሆን ዛሬውኑ ለንስሐ ይመጣሉ።»

ተስፋኣለም ወደ ጥሩወርቅ ዞረ። የጠበቀው እንባ ወይም ፈገግታ ነበር። ያየው ግን ቁጣ ነበር፤ ስምንት ቀን ሙሉ የጠፋው ቁጣ።

«አምስት ዓመት!» አለች፤ ለአሮጊቷ ነበር። «በየዓመቱ የክርስትናዋን ቀን ሳከብር ድፎ የቆረሱልኝ እርስዎ ነዎት። እናቷ ነኝ እኮ! ልጄ ክርስቲያን የሆነችበትን ቀን ከመዝገብ ቀርቶ ከሰው አፍ እንኳ ሳልሰማ ልሞት ነበር? ያለፈው ሳምንትስ? ሻንጣዬን ስሸክፍ ዝም ብለው ሊያዩኝ?»

ወይዘሮ ኣባዲት ጠረጴዛውን ተደግፈው ወደ ወለሉ ሊንበረከኩ ዝቅ አሉ። ጥሩወርቅ ጉልበታቸው መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ሁለቱንም ክርኖቻቸውን ያዘች።

«አይሆንም! ትልቅ ሰው ነዎት፤ ይህን አያሸክሙኝ።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ዛሬ አልልም። ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በዛብን።» ግን ክርኖቻቸውን አልለቀቀችም። እንደ ያዘቻቸው ፊታቸውን አየች፤ ያበጠውን ዓይን፣ አሁን እንደ ልጅ የሚንቀጠቀጠውን ከንፈር። «አንዱን ብቻ ይንገሩኝ። መጀመሪያ ስታለቅስ ምን ትመስል ነበር? እኔ አልሰማሁትማ።»

«የተቆጣች» አሉ ወይዘሮ ኣባዲት። «ልክ እንዳንቺ አሁን።»

ከጥሩወርቅ አፍ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አመለጠ፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

❖

ተስፋኣለም ግቢው ውስጥ ደረሰባት። ሻንጣዋ እግሯ አጠገብ ቆሟል። ሰዓቱ አምስት ተኩል ነበር፤ የሞያሌው አውቶቡስ ሊነሣ ከሦስት ሰዓት በላይ ቀርቶታል። ያን ሊጠይቃት ፈልጎ ፈራ።

«ክርስትና አባባ!» ትንሣኤ ከልጆቹ መካከል ሮጣ መጥታ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። «ጓደኛዬ ሙርሺዳ ሞያሌ ግመል አለ አለችኝ፤ ፖአ ሳና፣ በጣም ደስ ይላል! አንተም ትመጣለህ?»

ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ቀሚስ አስተካከለች። «ሂጂ መዝሙሩን ጨርሺ፣ የኔ እናት። በኋላ እነግርሻለሁ።» ልጅቷ እየዘለለች ሄደች።

«ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያት?» አለ።

«አላውቅም። እሷ ከእኔ የበለጠ አጣች ዛሬ።»

«እኔም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቢሮው ውስጥ ደስ ቢልህ ኖሮ ባልወደድኩህ።»

ሻንጣውን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ቀደመችው።

«ተው። በማታቱ ወደ ኪሌሌሽዋ እመለሳለሁ። ለጦይባ ደውዬ አልመጣም እላታለሁ።»

«ላድርሳችሁ።»

«አታደርሰንም። ወደ ቤቴም አትምጣ። እናትህ ይምጡ። ሲመጡ ለብቻቸው አይምጡ፤ ሽማግሌ ይዘው ይምጡ። እስከዚያ ይቅር ብያቸው ከሆነ በሩን እከፍታለሁ፤ ካልሆነ ደጅ ይጠብቁ።»

ተስፋኣለም የሰማውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። የሰማው የወንድ ልጅ ቤተሰብ የሴት ልጅ ደጅ እንዲቆም የሚያዝ ቃል ነበር፤ ከዚያ በላይ እሺታ ከጨዋ ሴት አፍ አይወጣም። እንደ ልማዱ ሊሰናበታት ቀረብ አለ። አምስት ዓመት ሙሉ በተገናኙና በተለያዩ ቁጥር በአበልጅ ወግ፣ በአደባባይም በቤትም፣ ያለ አንዳች ሐፍረት ጉንጭና ጉንጫቸውን ሦስት ጊዜ ተሳስመዋል። አሁንም ወደ እሷ ዘንበል አለ።

ጥሩወርቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

የነጠላዋን ጫፍ ወደ አገጯ ሳበችው። ጉንጯ ቀልቶ ነበር፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ሰው ያየናል» አለች በማይሰማ ድምፅ።

በመካከላቸው አንዲት እርምጃ ባዶ ቦታ ቀረች። ተስፋኣለም እጁን አጥፎ ቆመ። እንዲህ ከእሷ ርቆ ቆሞ አያውቅም፤ ልቡም በዚህ ኃይል መትቶ አያውቅም።